ስሙን ብቻ አይቶ አሳለፈው

ኢንተርን ተጭኜ የቡና ስኒዬን ገና ሳላነሳ ፕሮግራሙ ጨረሰ። ይሄው ሥራ የድሮው ዴስክቶፕ ላይ ከምሳ በፊት ተነስቶ የሚያልቀው አሥር ሰዓት ገደማ ነበር። አዲሱ ላፕቶፕ ግን «ኮንቨርጅድ»፣ ማለትም «መልሱ ላይ ደርሻለሁ»፣ የምትለዋን ቃል ከላይ እስከ ታች ደርድሮ ቁጭ አለ። ለእያንዳንዱ ወር አንድ መስመር፣ ለ20 ዓመት 240 መስመር። በልቤ ምን እንዳልኩ እስካሁን አልረሳውም። «ያ ሁሉ ብር በከንቱ አልወጣም» ነው ያልኩት።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። አሁንም ግን አንድ ፕሮግራም ከጠበቅኩት ቀድሞ ሲጨርስብኝ ሆዴን ቅር ይለዋል። ታሪኩን ለጓደኞቼ ደጋግሜ አውርቼዋለሁ። ሳወራው ግን የሚያስቀውን ቦታ ብቻ እየመረጥኩ ነው። የማያስቀው ክፍል ሲከነክነኝ ስለኖረ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

ሥራው የማስተርስ መመረቂያዬ ነበር። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ የተወሰነው ከአቃቂ ጉድጓዶች እየተሳበ ይመጣል። ጥያቄዬ ቀላል ነው፤ ፓምፑ በዚሁ ከቀጠለ የከርሰ ምድር ውሃው በ20 ዓመት ውስጥ ምን ያህል ይወርዳል? ይህን የሚያሰላውን ፕሮግራም የጻፉት አማካሪዬ ናቸው፤ በወጣትነታቸው፣ ፎርትራን 77 በሚባል የድሮ የፕሮግራም ቋንቋ። መሬቱን በትንንሽ ካሬ ይከፋፍለዋል። ለእያንዳንዱ ካሬ አንድ እኩልታ ያወጣል። ከዚያ በሺህ የሚቆጠሩትን እኩልታዎች አንድ ላይ ይፈታል። መፍቻው ዘዴ ኮንጁጌት ግራዲየንት ይባላል። በየዙሩ መልሱን ያሻሽላል፣ የቀረውን ስህተት ይለካል፣ ስህተቱ ከአንዲት በጣም ትንሽ ቁጥር በታች ሲወርድ «ኮንቨርጅድ» ብሎ ያቆማል።

ስህተቱን የሚለካው ግን አማካሪዬ ራሳቸው በጻፉት ኮድ አይደለም። ብላስ ከሚባለው ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያስቀመጡት ዝግጁ የኮድ ስብስብ ነው) ዲዶት የምትባል ፈንክሽን ይጠራል። ዲዶት ሁለት የቁጥር ረድፎች ትቀበላለች፣ አንዱን ካንዱ እያባዛች ትደምራለች፣ ድምሩን ትመልሳለች። በቃ፤ ሌላ ሥራ የላትም። ጉዱ ሁሉ የፈላው በእሷ ዙሪያ ነው።

## ያቺ የታወቀች ኤረር

ኮምፓይል ማድረግና ሊንክ ማድረግ የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ያወቅኩት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አይደለም፤ ኤረር ነው ያስተማረኝ። ኮምፓይለሩ እያንዳንዱን ፋይል ለየብቻ ወደ ማሽን ቋንቋ ይለውጣል። እዚያ ላይ ዲዶትን ብትጠራ ግድ የለውም፤ «የሆነ ቦታ ትኖራለች» ብሎ ቦታዋን ክፍት ይተዋል። ክፍቱን የሚሞላው ሊንከሩ ነው። መሙላት ካቃተው ፎርትራን የነካ ሁሉ የሚያውቃት መልእክት ትመጣለች፤ «አንዲፋይንድ ሪፈረንስ ቱ ዲዶት»። ከስሟ ጭራ ላይ አንድ አንደርስኮር ተለጥፎባት።

አንደርስኮሩን ማን ጻፈው ብዬ ኮዱን ስፈትሽ ግማሽ ቀን ሄደ። ለካ የጻፈው ሰው የለም። ጂፎርትራን የሚባለው ኮምፓይለሬ ራሱ ነው፤ ስሙን ወደ ትንንሽ ፊደል ይለውጥና ከኋላው አንድ አንደርስኮር ይቀጥልበታል።

ላይብረሪውን ጫንኩ። ትእዛዙ ላይ ስሙን ጻፍኩ። ኤረሩ ንቅንቅ አላለም። ችግሩ የቅደም ተከተል ነበር፤ ላይብረሪውን ከራሴ ፋይል በፊት ነው የጻፍኩት። ሊንከር ከግራ ወደ ቀኝ አንዴ ብቻ ነው የሚሄደው። አስቤዛ ሊገዛ ወጥቶ ገበያውን አንዴ ብቻ የሚያቋርጥ ሰው አድርጋችሁ አስቡት። ሽንኩርት ተራ ሲደርስ ሽንኩርት ግዛ ያለው ስለሌለ ዝም ብሎ ያልፋል። ቅቤ ተራ ደርሶ ሚስቱ ደውላ «ሽንኩርት» ብትለው «አልፌዋለሁ» ይላል እንጂ አይመለስም። ስለዚህ ፈላጊው ፊት፣ ተፈላጊው ኋላ። ላፓክ የሚባለው ሌላው የሒሳብ ላይብረሪም ብላስን ስለሚጠራ ላፓክ ይቀድማል፣ ብላስ ይከተላል።

ቦታ አለዋወጥኩ። ኢንተር። ምንም የለም። ኤረር የለም፣ ዋርኒንግ የለም። ሁለት ቀን ሙሉ ሲጮህብኝ የነበረ ነገር ዝም ሲል እንዴት ደስ እንደሚል! ከጩኸቱ ጋር ጥርጣሬዬንም አብሬ ሸኘሁት። «ሊንክ ካደረገማ ተስማምተዋል ማለት ነው» አልኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይሄኔ ነው።

## ስድስት ፊደል

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገዴ ልውጣ፤ የስም ነገር ኋላ ላይ ስለሚያስፈልገን።

የእነዚህ ፈንክሽኖች ስም መጀመሪያ ሲታይ ታርጋ ይመስላል። ዲዶት እንኳ ደህና ናት። ዲ፣ ጂ፣ ኢ፣ ቲ፣ አር፣ ኤፍ ተብሎ የሚጻፍ አለ፤ በአንድ ትንፋሽ ለመጥራት የሚያስቸግር። ፎርትራን 77 ስም ከ6 ፊደል እንዲበልጥ አይፈቅድም ነበር። ስለዚህ ሰዎቹ እያንዳንዷን ፊደል ሥራ አስያዟት። የመጀመሪያዋ የቁጥሩን ዓይነት ትናገራለች፤ ኤስ ሲንግል ፕሪሲዥን (በ32 ቢት የሚጻፍ ነጥብ ያለው ቁጥር)፣ ዲ ደብል ፕሪሲዥን (በ64 ቢት የሚጻፍ)፣ ሲ ኮምፕሌክስ፣ ዜድ ደብል ኮምፕሌክስ። ቀጣዮቹ ሁለቱ ስለ ማትሪክሱ ይናገራሉ፤ ጂኢ ከሆኑ የተለየ ጸባይ የሌለው ተራ ማትሪክስ ነው። የቀሩት ሥራውን። ኮድ 1 ታክሲ፣ ኮድ 2 የቤት መኪና፣ ኮድ 3 የንግድ እንደምንለው ነው። ቁጥሩን አይተህ ባለቤቱን ሳታውቅ ጸባዩን ታውቃለህ።

የመጀመሪያው የብላስ ክፍል በፈረንጆቹ 1979 ነው ታትሞ የወጣው። ላፓክ በ1992 ተከተለ። በዚህ ሥራ ዕድሜውን ያሳለፈው ጃክ ዶንጋራ የኮምፒውተር ሳይንስ ትልቅ ሽልማት የሆነው የ2021 የቱሪንግ ሽልማት ተሸላሚ ነው። «እኔ ፓይተን ብቻ ነው የምጽፈው፣ ምን አገባኝ» የምትሉ ልጆች ካላችሁ፣ የፓይተኑ የሒሳብ ላይብረሪ ነምፓይ እኩልታ ሲፈታላችሁ ከሥር የሚጠራው እነዚህኑ ታርጋዎች ነው። የሒሳብ ፕሮግራሙ ማትላብም ቢሆን ሲጀመር የፎርትራን ፕሮግራም ነበር። ክሊቭ ሞለር የጻፈው ተማሪዎቹ ፎርትራን መጻፍ ሳይጠበቅባቸው በጊዜው የነበሩትን ላይብረሪዎች እንዲጠቀሙ ብሎ ነው። ተማሪ ሆኜ ይህን ባውቅ ኖሮ ሞለርን በየማታው እመርቀው ነበር።

ፎርትራን ራሱ ደግሞ ከተወለደበት ከ1957 ጀምሮ የያዘው የስም ሕግ አለው። ምን ዓይነት እንደሆነ ያልተነገረውን ስም ከመጀመሪያ ፊደሉ ይገምታል። ከአይ እስከ ኤን ባሉት ፊደሎች ከጀመረ ሙሉ ቁጥር ነው። በሌላ ከጀመረ ነጥብ ያለው ቁጥር፤ ያውም ተራው፣ ሲንግል ፕሪሲዥኑ። ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን። ፎርትራን ይህን ቃል በቃል ያምንበታል።

ሕጉን አውቀዋለሁ። ለፈተና አጥንቼዋለሁ፤ ጥያቄውም መጥቶልኝ መልሼዋለሁ።

## ጋሼ ካርታውን ሲያዩት

ዕድሜያቸውን በጉድጓድ ቁፋሮ ያሳለፉ አንድ ጂኦሎጂስት ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የጉድጓድ መረጃ የሰጡኝ እሳቸው ስለነበሩ ውጤቱን ለማንም ሳላሳይ ወደ እሳቸው ወሰድኩት። በቀለም ያሳተምኳቸውን ሁለት ካርታዎች ጠረጴዛቸው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋሁ። አንዱ የዛሬው የውሃ ደረጃ፣ አንዱ ከ20 ዓመት በኋላ ያለው።

ጋሼ መነጽራቸውን አወጡ። አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ። መልሰው የመጀመሪያውን አዩ። ጣታቸውን አንድ ጉድጓድ ላይ አሳረፉና ከዚያ ወደ ሌላው ካርታ አሻገሩት።

«ይሄ የዛሬው ነው?»

«አዎ ጋሼ። ያኛው ከ20 ዓመት በኋላ።»

«ፓምፑ እየሠራ?»

«ቀንና ሌሊት።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ሳቁ። «እሰይ ልጄ! ሃያ ዓመት ተቀድቶ ተቀድቶ ንቅንቅ ያላለ ጉድጓድ አገኘህልን። በል እንግዲህ ጠበል ነው፣ አጥሩት።»

እኔም አብሬ ሳቅኩ። ፊቴ ግን ሲግል ይሰማኛል። ልዩነቱ በቀለም ስለማይታይ ነው ምናምን ብዬ ቀባጠርኩ። ጋሼ አልተከራከሩኝም። ሻይ አዘዙልኝና ስለ ሌላ ነገር አወሩ።

ስንት ጊዜ ያሰብኩበት ጥያቄ ይሄ ነው፤ እኔስ አላየሁትም ነበር? ካርታዎቹን የሳልኳቸው በራሴ እጅ ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት መሆናቸውን ለማየት ጂኦሎጂስት መሆን አያስፈልግም። አይቼዋለሁ። ግን ያየሁትን በሌላ ስም ጠራሁት፤ «ለውጡ አነስተኛ ነው» አልኩ። ረቂቄ ውስጥም በዚያው ቃል ጽፌዋለሁ። የቁጥሮቹን ትክክለኛነት አልጠየቅኩም፤ ምክንያቱም ቁጥሮቹ የመጡት በዓለም ላይ ከሁሉም በላይ ከተፈተነ ላይብረሪ ነው። ዲዶትን የሚጠራጠር ማን ነው? የተማመኑበት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላል ተረቱ፤ እኔን የጣለኝ ግን ፈረሱ አይደለም፣ ኮርቻውን ያላሰርኩት እኔው ነኝ።

ማታ ቤት ገብቼ የሁለቱን ካርታዎች ልዩነት ብቻ የሚያሳይ ሦስተኛ ካርታ ሳልኩ። ነጭ ወረቀት ወጣ። በየትኛውም ካሬ ላይ ልዩነቱ ዜሮ ነው። ትንሽ አይደለም፤ ዜሮ።

## ራሱን በራሱ አባዝቶ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ፕሮግራሙን ከፍቼ «ኮንቨርጅድ» ከሚለው መስመር በላይ የስህተቱን መጠን የሚያሳትም አንዲት መስመር ጨመርኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ያንን ቁጥር በዓይኔ አይቼው አላውቅም። «ጨርሻለሁ» ሲል እሺ እያልኩ ነበር።

ኮምፓይል። ሊንክ። ኢንተር።

ነጌቲቭ 1874.3 እና ከነጥቡ በኋላ ሌላ ጅራት። ለመጀመሪያው ወር ይሄ። ለሁለተኛው ወር ይሄው። ለ240ውም ወር ያችው ቁጥር፣ አንድ ዲጂት ሳይለወጥ።

ወንበሬ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጥኩ። ስህተቱ የሚለካው አንድን ረድፍ በራሱ በማባዛትና በመደመር ነው። ማንኛውም ቁጥር በራሱ ሲባዛ ነጌቲቭ አይሆንም። የስምንተኛ ክፍል ልጅ ያውቀዋል። ነጌቲቭ ያልሆኑ ቁጥሮች ተደምረው ነጌቲቭ አይወልዱም። ስክሪኑ ላይ ያለው ነገር በሒሳብ ዓለም ውስጥ የለም።

ፕሮግራሙ ግን ይህን አያውቅም። የታዘዘው «ስህተቱ ከዚህች ቁጥር ካነሰ አቁም» ተብሎ ነው። ነጌቲቭ ደግሞ ያንሳል። ስለዚህ ገና በሩ ላይ ቆሞ «ደርሻለሁ» አለ፣ የውሃው ደረጃም እንደነበረ ቀረ። በቀጣዩ ወር ውሃው ስላልተንቀሳቀሰ ሒሳቡ ያው ነው፣ ያችኑ ነጌቲቭ ይሰጣል፣ እንደገና «ደርሻለሁ»። የላፕቶፔ ፍጥነት ይሄ ነበር። ምንም አለመሥራት ፈጣን ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ላይብረሪውን ነው። አጥፍቼ ጫንኩት። ያው። በሌላ ቀየርኩት፤ ኦፕንብላስ። ያችው 1874.3፣ ከጅራቷ መጨረሻ ዲጂቶች በስተቀር። አይ፣ ልዋሽ አይገባም፤ ሁለተኛው ላይ ጨርሶ ሌላ ቁጥር ነው የወጣው፣ ፖዘቲቭና እጅግ ግዙፍ። ያ ደግሞ የባሰ አስደነገጠኝ። ለምን ያን ያህል እንደተለያዩ የገባኝ ኋላ ነው። ሁለት ላይብረሪዎች የሚደምሩበት ቅደም ተከተል ስለሚለያይ የመጨረሻዎቹ ጥቃቅን ዲጂቶች ይለያያሉ፤ ይሄ የታወቀ ነው። እኔ ሳላውቀው ስጫወት የነበረው ግን በእነዚያ ጥቃቅን ዲጂቶች ብቻ ነበር።

ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ የአማካሪዬን ኮድ ትቼ አሥር መስመር የማትሞላ ፕሮግራም ጻፍኩ። ረድፍ አንድ፤ 1፣ 2፣ 3። ረድፍ ሁለት፤ 4፣ 5፣ 6። ዲዶት ትምጣና ታባዛ። አራት ሲደመር አሥር ሲደመር አሥራ ስምንት፤ 32።

ዜሮ አለ።

አየሁት። እንደገና አስነሳሁት። ዜሮ። ከዚያ ሳላስበው፣ እጄ ለምዶት ይመስለኛል፣ ከላይ ዲዶት ደብል ፕሪሲዥን ናት የምትል አንዲት መስመር ጨመርኩ። 32 አለ።

## ግማሹን ያነበበው

እንግዲህ የሆነው ይሄ ነው። አማካሪዬ ዲዶትን በሚጠራው ኮዳቸው ውስጥ ረድፎቹን ሁሉ ደብል ብለው አውጀዋል። ዲዶት ራሷ ምን እንደምትመልስ ግን አልጻፉም። ኮምፓይለሩ በሕጉ መሠረት የስሟን የመጀመሪያ ፊደል አየ። ዲ ከአይ እስከ ኤን ባለው ውስጥ የለችም፤ ስለዚህ ሲንግል። ብላስን የጻፉት ሰዎች ዲ ያሉት ደግሞ ደብል ለማለት ነው። አንዲት ፊደል፣ ሁለት ትርጉም። ላኪው በአንዱ ተረዳ፣ ተቀባዩ በሌላው።

ዲዶት 32ን በ64 ቢት ጽፋ የፕሮሰሰሩ ሬጂስተር ውስጥ፣ ማለትም ቁጥር ለጊዜው የሚያዝበት ቦታ ላይ፣ አስቀመጠችው። ጠሪው ሲንግል ነው ብሎ ስላመነ ከዚያ የሥረኛውን 32 ቢት ብቻ አነበበ። ደብል ቁጥር ሲጻፍ ምልክቱም መጠኑም ዋና ዋና ዲጂቶቹም ላይኛው ግማሽ ውስጥ ናቸው። የታችኛው ግማሽ ጅራቱ ነው። እንደ 32 ያለ ድፍን ቁጥር ጅራት ስለሌለው ታችኛው ግማሽ ባዶ ነው፤ ስለዚህ ዜሮ። የአቃቂው ስህተት ግን ድፍን ስላልነበር ጅራቱ ውስጥ ያሉት ቢቶች እንደ አዲስ ቁጥር ተነበቡ፤ ምልክታቸውም መጠናቸውም በዕጣ የወጣ። የአንድ ሰው ደብዳቤ ሲደርስህ የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ይዘህ፣ የመጀመሪያው ገጽ ነው ብለህ እንደማንበብ ነው።

ታዲያ የድሮው ዴስክቶፕ ላይ ለምን ሠራ? ዴስክቶፑ 32 ቢት ነበር። እዚያ ላይ ሲንግልም ሆነ ደብል የሚመለሰው በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰፊ ቅርጽ ነው። ማን ምን ብሎ ቢጠብቅ ሙሉው ቁጥር ይደርሰዋል። ስህተቱ እዚያም ነበር። ማሽኑ ይሸፍነው ነበር እንጂ።

ኮምፓይለሩን ይቅር አልኩት፤ ሕጉን ነው ያከበረው። የከነከነኝ ሊንከሩ ነው። ሁለቱን አገናኝቶ የዳረው እሱ ነው። ምን አይቶ? ስም። ስም ብቻ። «ዲዶት ይፈለጋል» የሚል ፋይል አለ፣ «ዲዶት እዚህ አለች» የሚል ላይብረሪ አለ፤ በቃ። ምን እንደምትቀበል፣ ምን እንደምትመልስ አይጠይቅም። መረጃው እጁ ላይም የለም። ሰው የሞላበት አዳራሽ በር ላይ ቆሞ «አበበ!» ብሎ እንደመጣራት ነው። የመጀመሪያው አቤት ያለው አበበ ይገባል። የአባት ስም የለ፣ የአያት የለ።

ሲ ፕላስ ፕላስ በዚህ ብልህ ነው። የፈንክሽኑን ስም ከሚቀበላቸው ነገሮች ዓይነት ጋር ሰፍቶ እስከ አያት ድረስ ይጽፈዋል። መልኩ ያስጠላል፣ ግን የሚቀበለው የተለየ ሌላ አበበ ዝም ብሎ አይገባም። ፎርትራንም ፎርትራን 90 ከሚባለው እትሙ ጀምሮ ሞጁል አለው፤ በሞጁል ውስጥ ያለ ፈንክሽን ኮምፓይለሩ ራሱ ያጣራዋል። ብላስና ላፓክ ግን ሲወለዱ በድሮው ፎርትራን የተጻፉ ናቸው፤ ዛሬም በአብዛኛው የሚጠሩት በነጠላ ስም ነው።

## ሌላ ቤት፣ ያው በሽታ

ይህን ታሪክ ካወራኋቸው አንዱ ጀርመን የሚሠራ አብሮ አደጌ ነው። ስቆ አልጨረሰም፤ «ቆይ፣ እኔስ?» አለ። የሱ ፕሮግራም ትልቅ ማሽን ላይ አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን ይወድቃል። በቴሌግራም ማታ ማታ ስናየው ሰነበትን። የሱ ደግሞ የሙሉ ቁጥር ጉዳይ ሆነ። ብዙዎቹ ላይብረሪዎች በሁለት ዓይነት ይመጣሉ፤ አንደኛው ሙሉ ቁጥርን በ32 ቢት የሚቀበል፣ አንደኛው በ64። የጓደኛዬ ኮድ የሚልከው 32 ነው፣ ሊንክ ያደረገው ከባለ 64ቱ ጋር። ስለዚህ ላይብረሪው የማትሪክሱን መጠን ሲያነብ የጎረቤቱን ሚሞሪም ጨምሮ ያነባል። ጎረቤቱ ዜሮ ሆኖ ከተገኘ ሁሉ ሰላም ነው። ካልሆነ ማትሪክሱ በድንገት በቢሊዮን የሚቆጠር ረድፍ ይኖረዋል። እዚህም ሊንከሩ ስሙን አይቶ አሳልፎታል።

በ2020 የወጣው የጂሲሲ (ጂፎርትራንን የያዘው የኮምፓይለሮች ጥቅል) 10ኛ እትም ትንሽ ነቃ። አንድ ፋይል ውስጥ አንድን ፈንክሽን አንዴ በዚህ ዓይነት፣ አንዴ በዚያ ዓይነት ከጠራኸው ከእንግዲህ ኤረር ነው። ብዙ የቆየ ኮድ በአንድ ቀን መኮምፓይል አቆመ። ሰዉ ምን አደረገ? ኤረሩን ወደ ዋርኒንግ የሚያወርድ ማዘዣ አለ፤ እሷን ለጥፎ ሄደ። አልፈርድም፣ የሚያስረክበው ሥራ ያለው ሰው ነው። ግን በግልጽ ለመናገር፣ ስታመም ቴርሞሜትሩን ከምሰብር መታመሜን ባውቅ ይሻለኛል። እኔ ያን ሌሊት የአማካሪዬ ኮድ አናት ላይ «ኢምፕሊሲት ነን» የምትለዋን ትእዛዝ ስጨምር፣ ማለትም በፊደል መገመት ይቁም ስል፣ ኤረሩ እንደ ፈንዲሻ ፈነዳ። አብዛኛው ጉዳት የሌለው ነው። ሦስቱ ግን ዲዶትን የሚመስሉ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ ዘገየ። ቡናዬን ጠጥቼ፣ ሁለተኛ አስቀድቼ፣ እሱንም ጨርሼ ነው ያለቀው። ውሃው ወረደ። በስንት ሜትር እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፤ የተማሪ ሞዴል ነው። ለጋሼ ሳሳያቸው ካርታውን ለረጅም ጊዜ አዩትና «አሁን ጉድጓድ መሰለ» ብቻ አሉ።

## ደብተሩ

አማካሪዬ ቢሮ የገባሁት አፍሬ ነው፤ ማፈር የነበረብኝ ለምን እንደሆነ ባላውቅም። ኮዱን አትሜ ያቺን ቦታ በቀይ ከብቤያታለሁ።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እዚህች ጋ አንዲት መስመር የጎደለች ይመስለኛል።»

ወረቀቱን ተቀበሉኝ። አነበቡ። «ይሄ እኮ ሲሠራ ነው የኖረው» አሉ፤ ቁጣ አልነበረበትም፣ ግራ የገባው ሰው ድምፅ ነው። ስለ 32 ቢቱ ማሽን ነገርኳቸው። አሥር መስመሯን ፕሮግራም በላፕቶፔ አሳየኋቸው። ዜሮ። መስመሯን ጨመርኩ። 32። እንድደግመው ጠየቁኝ። ደገምኩት።

ለጥቂት ጊዜ መስኮቱን አዩ። እኔ ስለ መመረቂያዬ ቀን መገፋት የሚያወሩኝ መስሎኝ እየተዘጋጀሁ ነበር። እሳቸው ግን የጠረጴዛቸውን መሳቢያ ሳቡና ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጡ። ፕሮግራሙን በዲስኬት፣ ኋላም በሲዲ የወሰዱ ተማሪዎችን ስም ከነቀኑ ጽፈውበታል፤ ዲስኬቱ እንዲመለስላቸው ነበር መጀመሪያ የጀመሩት። ገጹን ገለጡ። ሌላ ገጽ ገለጡ። አንዳንዱ ስም ጎን የሄደበት መሥሪያ ቤት ተጽፏል፤ የውሃ ሥራ፣ የመስኖ፣ አማካሪ ድርጅት። በጣታቸው እየቆጠሩ ወረዱ፤ ቁጥሩን ግን ጮክ ብለው አልተናገሩም።

«ከነዚህ ስንቱ ማሽን የቀየረ ይመስልሃል?» አሉኝ።

ምን ልበል? ዝም አልኩ።

ስልካቸውን አንስተው የመጀመሪያውን ደወሉ። አይነሳም። ደብተሩ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረጉና ወደ ሁለተኛው አለፉ። ይሄኛው አነሳ። ስለ ጤናው ጠየቁት፣ ስለ ልጆቹ ጠየቁት፣ እናቱ እንዴት እንደሆኑ ጠየቁት። ቀዩን ክብ እያዩ ነበር የሚያወሩት።

«እንዲያው ለነገሩ» አሉት በመጨረሻ፣ «ያችን ፕሮግራም አሁንም ትሠራባታለህ? ... እ... ማሽንህ ስንት ቢት ነው?»